አራት ጠርሙስ ሽሮፕ ወደ መካነ ሰላም

«ቦረና ሄደሽ ነበር አሉ» የሚለኝ ሰው ሁሉ ቀጥሎ ስለ ግመል ይጠይቀኛል። የሄድኩት ወደ ደቡቡ ቦረና ሳይሆን ወደ ወሎ ቦረና፣ ወደ መካነ ሰላም ነው። ግመል አላየሁም። ብርድ ግን አይቻለሁ፤ ለአዳማ ሰው የሚበቃውን ያህልና ከዚያም በላይ። ለእያንዳንዱ ሰው ከማወራው ብዬ ማስታወሻዬን አደራጅቼ ጻፍኩት። መቼም ከናንተ አብዛኛው እዚያ አይሄድም፤ እኔም ጉዳይ ባይጎትተኝ አልሄድም ነበር።

ጉዳዩ ይኸው። እኔ አዳማ ውስጥ ፋርማኮሎጂ፣ ማለትም መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ የማስተምር ሴት ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። አስቀድሜ የምናገረው፣ በመንገዱ ሁሉ ሰው «ዶክተር» እያለ ሲጠራኝ አንዳንዴ ዝም ብዬ ስላለፍኩ ነው። ሰይድ የሚባል የድሮ ተማሪዬ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ በወግዲ መንገድ ላይ ባለች ጤና ጣቢያ ጤና መኮንን ሆኖ ይሠራል። አምና አንድ ቪዲዮ በስልክ ላከልኝ። ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ፣ ስሟ ትርንጎ፣ እያወራች ሳለ ድንገት ትቆማለች። ዓይኗ አንድ ቦታ ይተከላል፣ ሽፋሽፍቷ ይርገበገባል። ጥቂት ቆይታ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ ካቆመችበት ቃል ትቀጥላለች። መምህሯ «ሰነፍ ናት፣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው» ብሏል። የሰፈሩ ሰው ያለውን ባልናገር ይሻላል።

እኔ አይቼ አወቅሁት። ሃያ ዓመት በሰሌዳ ላይ የሣልኩት ነገር ነው። በአንጎል ሕዋስ ቆዳ ላይ ካልሲየም የሚያስገቡ ጥቃቅን በሮች አሉ። አብዛኞቹ በኃይል ካልተገፉ አይከፈቱም። አንደኛው ዓይነት ግን ትንሽ የኤሌክትሪክ ለውጥ ሲነካው ብርግድ ይላል፤ ወዲያው ራሱ ይዘጋል፤ ሕዋሱ በደንብ ጸጥ ብሎ ካላረፈም ደግሞ አይከፈትም። ከዓይንና ከጆሮ የመጣው መልእክት በሚተላለፍበት፣ ታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል፣ እነዚህ በሮች ብዙ ናቸው። ስንተኛ ሕዋሶቹን ባንድ ምት የሚያስመቱት እነሱ ናቸው። እንደ ትርንጎ ባሉ ልጆች ይህ ምት በጠራራ ፀሐይ ይመጣል። ለዚያች ቅጽበት ልጅቷ ተቀምጣም የለችም። እነዚያን በሮች የሚያረጋጋ ኢቶሰክሲማይድ የሚባል መድኃኒት አለ። ተማሪዎቼን በፈተና የምጥልበት መድኃኒት ነው፤ በጠየቅሁባቸው ፋርማሲዎች ሁሉ ግን አላገኘሁትም። ላም አለኝ በሰማይ ነበር ትምህርቴ።

አዲስ አበባ ያለ የነርቭ ሐኪም ጓደኛዬ ቪዲዮውን አይቶ ማዘዣ ጻፈ፤ በበረራ ሥራ ላይ ያለች የአክስቴ ልጅ ከውጭ ገዝታ አመጣችልን። ሽሮፕ ነው። መጀመሪያ ሰይድ በደስታ ይደውል ነበር፤ ልጅቷ ተሽሏታል፣ ንባብ ጀምራለች እያለ። ከዚያ ለሁለት ወር ድምፁ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ አንድ ሰኞ ደወለና «መምህር፣ መድኃኒቱ አልያዘም። ከመጀመሪያውም ብሷል። አባቷ ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ላስቀራት ነው ይላል» አለኝ። መጠኑን ጠየቅሁ፤ ልክ ነው። ሰዓቱን ጠየቅሁ፤ ልክ ነው። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩና እኔ ዘንድ የቀረውን አራት ጠርሙስ ሽሮፕ በፎጣ ጠቅልዬ ተነሣሁ።

ማክሰኞ። ከአዳማ አዲስ አበባ፣ እህቴ ቤት። ወፍራም ሹራብ ልታስይዘኝ ብላ አልያዝኩላትም። «ክረምቱ ወጥቷል፣ ምን ብርድ አለ?» አልኳት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለኔ ነው።

ረቡዕ። ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን ስንሄድ ውለን ወደ ማታ ደሴ ገባን። አዳማ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚያይህ፤ ደሴ ግን ዳገቱ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያይሃል። ያደርኩበት ሆቴል ባለቤት አንዲት ደርባባ ሴት ናቸው። መድኃኒቴ ሙቀት እንዳይነካው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ እንዲሰጡኝ ብጠይቃቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «የኔ ልጅ፣ ደሴ ላይ ሙቀት ፈርተሽ ነው? የትም አስቀምጪው፣ ይልቅ አንቺ እንዳትቀዘቅዢ» አሉና ሁለተኛ ብርድ ልብስ ራሳቸው ይዘው መጡ። እኔ ቤት ሽሮፕ የሚቀመጠው አልጋ ሥር፣ ከውኃ እንስራው አጠገብ ነው።

ሐሙስ። የመካነ ሰላም አውቶቡስ ሞልቶ ተነሣ። የወረኢሉ መንገድ ወደ ግራ ሲገነጠል እኛ ወደ ምዕራብ ቀጠልን። ቦርሳዬን ጣራ ላይ አልሰጥም ብዬ ከረዳቱ ጋር ተጨቃጭቄ እግሬ ሥር አድርጌዋለሁ። አቀስታ ሳንደርስ ጎንበስ ብዬ ብነካው እጄ ተጣበቀ። ቦርሳው ርሷል፤ የሚያጣብቅ፣ ጣፋጭ ነገር። «ተሰበረ!» ብዬ ስጮህ አውቶቡሱ ቆመ። ሰው ሁሉ እያየኝ ፎጣውን ስፈታ አራቱም ጠርሙሶች ደህና ናቸው። ኋላዬ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የማር ጀሪካናቸውን ክዳን በደንብ አልዘጉትም ኖሯል። «አጃኢብ! እኔ ማሬ ፈሰሰ ብዬ ሳልጮህ እስዎ ጮሁልኝ» አሉኝ። ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ከሁሉ ብሼ ሳቅሁ። ሽማግሌው ስለ ካሣው ብለው አንድ ብርጭቆ ማር በግድ ሰጡኝ።

አቀስታ ላይ ለምሳ ስንወርድ ነፋሱ አጥንቴ ውስጥ ገባ። በነጠላ ጫማና በስስ ሻርፕ ቆሜያለሁ። ከጎኔ ተቀምጣ የመጣች ሴት ምንም ሳትጠይቀኝ ጋቢዋን አንሥታ ደረበችልኝ፤ እሷ በነጠላ ቀረች። ልመልስላት ብል «አብሽሪ፣ እኛስ ለምደነዋል» አለችኝ። እሷ ናት መቅደላ በወዲያ በኩል ነው ብላ በጣቷ ያሳየችኝ። ያየሁት ደመና ብቻ ነው፤ አምባውን አይተሽ መጣሽ ወይ ለምትሉኝ መልሴ ይኸው። የማረፊያ ክፍሌ መካነ ሰላም ላይ ንጹሕና እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ነበር። ሰይድ አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ጠብቆ ተቀበለኝ፤ ጢም አብቅሏል፣ ከስቷል፣ አሁንም ሲያወራ መሬት መሬት ያያል።

ዓርብ። ዋናው ቀን ይህ ነው። በባጃጅ የሚኬደውን ሄደን፣ የቀረውን በእግር ወረድን። የገብሱ ማሳ ቢጫ ሆኗል። ሰይድ «ትንሽ ናት፣ እዚህች ናት» እያለ አንድ ሰዓት አስኬደኝ።

የትርንጎ እናት ውዴ በር ላይ ቆማ ስታየኝ እግሬ ላይ ልትወድቅ ነበር፤ ያዝኳት። ከሠላሳ ብዙ ያልዘለለች፣ ጠይም፣ ፈጣን ሴት ናት። ትርንጎ ደግሞ ገና ሳልቀመጥ አጠገቤ መጥታ «አዳማ ብርድ የለም አሉ። ታዲያ ምን ትለብሳላችሁ? ማታስ ምን...» አለችና ቆመች። ዓይኗ ትከሻዬ ላይ ቀረ። ሽፋሽፍቷ ተርገበገበ። ከዚያ «...ትደርባላችሁ?» አለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህንን በጠመኔ ስሥለው አንድም ቀን አላለቀስኩም፤ እዚያች በርጩማ ላይ ግን እንባዬ መጣ። ማሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋትና ፊቴን አዞርኩ።

ለማረጋገጥ አንድ ቀላል ምርመራ አለ። ልጁ እየደጋገመ በኃይል ሲተነፍስ ያ ነገር ካለ ይመጣል። ቁራጭ ወረቀት በክር አንጠልጥዬ «ሳታቋርጪ እፍ በይበት» አልኳት። እየሳቀች ጀመረች። ወረቀቱ ተውለበለበ፣ ተውለበለበ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ቀጥ አለ። ውዴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወረቀቱ እንደገና ሲውለበለብ፣ ትርንጎ መቋረጧን አታውቅም። የአምናውን ቪዲዮ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ያሁኑ ይረዝማል፣ ቶሎ ቶሎም ይመጣል። በዚያች ቀን ጠዋት መድኃኒቱ አልሠራም፣ ይቁም ብዬ ልናገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አባቷ ጥግ ላይ ተቀምጠው «ጠበሉንም ሞከርን፣ ይሄንንም ሞከርን፤ ሰኞ ከቤት ትውላለች፣ ሰው አይሳቅባት» አሉ። ክፋት የለባቸውም፤ ደክመዋል።

ምሳ የባቄላ ክክ ወጥ ነበር፤ ጾም ነው። እያጎረሱኝ ሳለ ጎረቤቲቱ እትዬ ሀዋ ገቡ። ሃምሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ፊታቸው የሚስቅ ሴት ናቸው። «አሰላሙ አለይኩም፣ እንግዳችን ገቡ? አልሀምዱሊላህ» አሉና ከሻርፓቸው ሥር አንዲት ብልቃጥ አውጥተው ለውዴ ሰጧት። ውዴ ስትቀበል ብልቃጧ ተንኳኳች። ኪኒን ሲንኳኳ ሃያ ዓመት የሰማ ጆሮ አይስትም።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩ።

ውዴ ደነገጠች። እትዬ ሀዋ ግን በኩራት «የፋጡማ መድኃኒት ነው። ከሷ ላይ ለትርንጎ ነው የማመጣላት» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእትዬ ሀዋ ልጅ ፋጡማ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የሚጥል በሽታ አለባት፤ ከከተማ ሆስፒታል ካርባማዜፒን የሚባል ኪኒን ይሰጣታል። ከሁለት ወር በፊት እሳት ዳር ወድቃ እጇን ተቃጠለች። ውዴ ይህን አይታ ከትርንጎ ሽሮፕ በብልቃጥ ቀንሳ ሰጠች። ጠርሙሱ ቶሎ አልቆ ሰይድ እንዳያውቅባት ለትርንጎ ግማሽ መለኪያ ብቻ ታጠጣለች። እትዬ ሀዋ በበኩላቸው ብልቃጧን ሲመልሱ ከፋጡማ ኪኒን ይከቱባታል፤ ውዴ ደግሞ ይህም ይጨመርላት ብላ ለትርንጎ በየጠዋቱ ግማሽ ግማሹን ትሰጣለች። ካርባማዜፒን የሚሠራው በሌሎች በሮች፣ በሶዲየም በሮች ላይ ነው። ለፋጡማ ዓይነቱ መልካም ነው። የትርንጎን ዓይነት ግን ያብሳል፤ ይህንንም አስተምራለሁ።

ቁጡ ነኝ፤ ተማሪዎቼ ይመስክሩ። «ምን አደረጋችሁ! መድኃኒት እንደ እርሾ ይበዳደሩታል? ልጆቹን በእጃችሁ...» ብዬ ጮህኩ። ውዴ እጇ ላይ ያለው እንጀራ ወደቀ። እትዬ ሀዋ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ባዶውን ልመልስ ኖሯል?» አሉኝ። «ከሥጋ በቀር በኛና በውዴ ቤት መካከል የማይሻገር የለም። ቅቤ ስትሰጠኝ እንቁላል፣ እርጎ ስትሰጠኝ ጎመን ከትቼ ነው ዕቃዋን የመለስሁ። መድኃኒት ለሰጠኝ ሰው ከመድኃኒት ሌላ ምን ልክተት?»

ውዴም በለቅሶ «የኔ ልጅ እየተሻላት፣ የእቴ ሀዋ ልጅ እሳት ላይ ስትወድቅ፣ ሽሮፑን ደብቄ ልቀመጥ? ሰው እኮን ነኝ» አለች።

ወደ ውጭ ወጣሁ። ሰይድ ተከትሎኝ መጣና መሬቱን እያየ «መምህር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ለማንም አትስጪ አላልኳትም። እዚህ አገር ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ተወልጄ ያደግሁበት ነው፣ ማሰብ ነበረብኝ» አለኝ። አዳማ ላይ ከጎረቤቴ ጋር በአጥር የምንተያየው አሥራ አንድ ዓመት ሆኖናል፤ የልጆቿን ስም በቅጡ አላውቅም። በጣም አፈርኩ። ተመልሼ ገባሁና ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

ከዚያ ማስረዳት ነበረብኝ። «ሠርግ ላይ ሰው ሁሉ ባንድ ሲያጨበጭብ አንድ ሰው ቢጣራ ይሰማል?» አልኩ።

«አይሰማም» አለች ውዴ።

«የትርንጎ ጭንቅላት ውስጥ ያሉት ሕዋሶችም አንዳንዴ ባንድ ያጨበጭባሉ። ያን ጊዜ ብትጠሪያት፣ መምህሯም ቢጠራት አትሰማም። ሽሮፑ ጭብጨባውን ያበርዳል። የፋጡማ ኪኒን ሥራው ሌላ ነው፤ ለሷ መውደቁን ይከላከላል፣ ትርንጎ ላይ ሲደርስ ግን ጭብጨባውን ያብሳል።»

«ሽሮፑስ ለኔይቱ ይጠቅማታል?» አሉ እትዬ ሀዋ። አይጠቅማትም አልኩ። ኪኒኗ በመጉደሉም ሳይሆን አይቀርም ሰሞኑን አብዝታ የወደቀችው። «ያረቢ! እኔ በገዛ እጄ!» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። ውዴ ተነሥታ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔ ደግሞ አራት ጠርሙስ ይዤ ከአዳማ ድረስ መጥቼ ሰው ማስለቀሴ ልቤን ቆረጠው።

ኔትወርክ ያለው ጉብታ ላይ ወጥተን ለነርቭ ሐኪሙ ደወልን። ኪኒኑ ለትርንጎ ዛሬውኑ ይቁም፣ ሽሮፑ ወደ ሙሉ መጠኑ ይመለስ፤ ፋጡማ ሽሮፑን ትታ የራሷን ኪኒን በሙሉ ትውሰድ፣ በዚህ ሳምንትም ሆስፒታል ትታይ አለ። የትርንጎ አባት ይህን ሁሉ ሰምተው «አንድ ወር» አሉኝ። «አንድ ወር ትማር። ካልሆነ ግን አታስጨንቁኝ።»

ቅዳሜ። ሰይድና እኔ ሌሊቱን አንድ ሐሳብ ሲከነክነን አድሯል። አትስጪ ብትባልስ፣ ፋጡማ ዓይኗ ሥር ስትወድቅ ውዴ አትሰጥም? እኔ ብሆን እሰጣለሁ። ጠዋት ስንደርስ ግን ሴቶቹ ቀድመውናል። ቡናም ቁርስም ሳይቀርብ እትዬ ሀዋ ተናገሩ።

«ዶክተር፣ እኔና ውዴ ተመካክረናል። የትርንጎ ሽሮፕ ካሁን ወዲያ እኔ ቤት ነው የሚቀመጠው። ጠዋትና ማታ መጥቼ በእጄ አጠጣታለሁ። የፋጡማን ኪኒን ደግሞ ውዴ ትያዝ፤ እሷም መጥታ ታስውጣት። የራሴ ቢሆን ለተቸገረ እሰጣለሁ፣ ወላሂ እጄን አላምነውም። አደራ ግን አይሰጥም።»

ሰይድ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከመጣሁ ጀምሮ ዓይኔን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ሁለታችንም በዕውቀታችን ያላገኘነውን እነሱ ባንድ ሌሊት አግኝተውታል። እትዬ ሀዋ ሽሮፑን በመለኪያው ቀዱ፣ እስከ መስመሩ፤ አስፈትሸውኝም «ቢስሚላሂ» ብለው ለትርንጎ አጠጧት። ትርንጎ መራራ እንደሆነ ለማሳየት ፊቷን አኮማተረች፤ ጣፋጭ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ውዴ ኪኒኑን በእጇ ይዛ ወደ ፋጡማ ቤት ሄደች። ፋጡማ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን እያሳየችኝ «ይድናል፣ አብሽሩ» አለችኝ፤ አጽናኚዋ እሷ ሆነች።

እሑድ። ተመለስኩ። ከስድስት እንቁላልና ከአንድ ከረጢት ገብስ ጋር፤ ባዶ ቦርሳ ይዘሽ አትሄጂም ብለው። የመልሱን መንገድ አልጽፈውም፤ ተኝቼ ነው የመጣሁት።

ሰይድ በየጊዜው ይነግረኝ ነበር፤ ትንሽ ተሻላት፣ ዛሬ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ዛሬ አላየሁባትም። እኔ ግን ጥሩ ዜና የማምን ሴት አይደለሁም። ትናንት በውዴ ስልክ ትርንጎ ራሷ ደወለች። «እትዬ፣ ትናንትና እኮ በግ ክፍላችን ገባች» ብላ ጀመረች። በጓ እንዴት እንደገባች፣ መምህሩ እንዴት እንደሮጠ፣ የማን ደብተር እንደተበላ፣ አባቷ ሲሰሙ እንዴት እንደሳቁ። እኔ ወሬውን አልሰማሁም ማለት ይቻላል። የምሰማው በቃላቱ መካከል ያለውን ክፍተት ነው፤ አሁን ትቆማለች፣ አሁን ትቆማለች እያልኩ ትንፋሼን ይዣለሁ። «ከዚያ በጓን ስናስወጣት፣ እትዬ ሀዋ ደግሞ...» አለችና ጭጭ አለ።

አንድ። ሁለት። ሦስት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። አምስት። ስድስት። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ አደራ አልኩ በልቤ።

ስልኩ እንደገና ጠራ።

«ውይ እትዬ» አለች እየሳቀች፣ «ካርዱ አልቆ ነው፤ እትዬ ሀዋ በራሳቸው ስልክ ደውዪ ብለውኝ ነው። እስቲ የት ደርሼ ነበር? አላወቁም? እስዎ ነዎት የረሱት፤ እኔስ አልረሳሁም።»